እጀባ ለሚጠብቅ መኪና ቅጣቱን ማን ይክፈል?

(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ ስንነሳ ቁጥር ትጠብቃላችሁ። ቁጥሩ በሪፖርቱ ውስጥ አለ፤ ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ቅጣት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን የብድር ክፍያዋን ሁለት ወር አዘገየች። ስሟን ባንጠራም ፈቅዳልን ነው የምንናገረው። ደንቡ ቅጣት ይላል፣ ቀጣናት። ገንዘቡንም ለጊፋታ ከምትቆጥበው የቅቤ ብር ላይ ቀነስን።

ምክንያቱን የሰማነው ቆይተን ነው። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ያራግፋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በዚያ መስመር ብዙ ጊዜ የጭነት መኪና ብቻውን አይሄድም። ተሰብስቦ፣ በጸጥታ ኃይል ታጅቦ ነው የሚያልፈው። እጀባው እስኪመጣ መቆም ነው።

እሱ የሚከፈለው በምልልስ ነው። የቆመ መኪና ምልልስ የለውም፤ ወጪ ግን አለው፤ የሾፌርና የረዳት ምግብ፣ አልጋ፣ የመኪና ጥበቃ። በእኛ መዝገብ ለዚህ ዓምድ የለንም። እሷ ግን ቤቷ ሆና በየቀኑ ስትደምረው ነበር።

እጀባ ይቅር አንልም። ድሮም ነጋዴ ሽፍታ ያለበትን መንገድ በቅፍለት፣ በነጋድራስ እየተመራ ነበር የሚያልፈው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአትላንቲክ ውቅያኖስ የንግድ መርከቦች በጦር መርከብ ታጅበው ሲጓዙ፣ ፈጣኑም በቀርፋፋው ልክ ይሄድ ነበር። ነፍስ ይተርፋል፣ ቀን ይባክናል። የባከነውን ቀን እስካሁን የከፈለችው እሷ ናት።

«ለአንዷ ከለቀቅን ሁሉም ምክንያት ይዛ ትመጣለች» የምትሉ አላችሁ። እኛም ብለናል፤ ቅጣቱን የጻፈው የእኛው እጅ ነው። ነገር ግን የጭነት ሰነድ የተጫነበትንና የተራገፈበትን ቀን ይዟል፤ እሱን አይቶ መወሰን ይቻላል። ዋናውና ወለዱ ይከፈል፤ ለእነዚያ ቀናት ቅጣቱ ብቻ ይነሳ።

ከእሷ የተቀነሰው ገንዘብ በልዩ ልዩ ገቢ ሒሳብ ተቀምጧል። ጉባኤው ከፈቀደ ጊፋታ ሳይደርስ እንመልስላታለን፤ የክፍያ ማዘዣውን አዘጋጅተን ይዘን መጥተናል።