ከፎቶግራፍ ጀርባ የሚሰፍር ስም



ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከፎቶ ቤት ከወጣ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአልበም ወደ ጋዜጣ ሲዘዋወር አንሺው አብሮት አይሄድም። በመንገድ ያገኘው ሰው «ይህ የማን ሥራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚያገኘው በጀርባው ወይም በኅዳጉ ላይ ከሰፈረው ምልክት ብቻ ነው።

ይህች ጥቂት ቃል ምን ያህል እንደምታከራክር ለመረዳት የናፖሊዮን ሳሮኒን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ሳሮኒ በኒው ዮርክ ከተማ ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1882 እ.ኤ.አ. ንግግር ለማድረግ ወደ አሜሪካ በሄደ ጊዜ በስቱዲዮው ፎቶግራፍ አነሣው፤ በፎቶግራፉም ላይ የቅጂ መብት መሆኑን፣ ዓመቱንና «ኤን. ሳሮኒ» የሚለውን ስም አሰፈረ። አንድ የሊቶግራፍ ማተሚያ ኩባንያ ግን ያለ ፈቃድ አባዝቶ 85,000 ቅጂ ለገበያ አቀረበ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኩባንያው ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ፣ የአንሺው ስም በሙሉ አልተጻፈም የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በ1884 እ.ኤ.አ. ይህን ሳይቀበለው ቀረ፤ የማስታወቂያው ዓላማ ባለመብቱን ማሳወቅ ስለሆነ የመነሻ ፊደሉና የቤተ ሰብ ስሙ በቂ ናቸው ሲል ወሰነ።

በአሜሪካ ከማርች 1 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ማስፈር ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ከዚህ የተነሣ ምልክት ማድረግ ጊዜው ያለፈበት ልማድ የሚመስለው ባለሙያ አይጠፋም። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሌሎች ሥራዎች ለይቶ ተመልክቶታል፤ ጥበቃ እንዲያገኝ የስብስብ ክፍል መሆኑን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተሙን፣ ወይም የአንሺውን አለዚያም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ መያዙን ጠይቋል። የፎቶ ቤት ሥራ ደግሞ አብዛኛው በስብስብም በመጽሐፍም አይወጣም። ስለሆነም ለአንሺው የሚቀርለት ሦስተኛው መንገድ ነው። ማኅተም ሳያሳርፍ ሥራውን ያስረከበ ባለሙያ፣ ነገ ሥራው በቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሞ ቢያገኘው፣ ለአቤቱታው መነሻ የሚሆነውን ነገር በገዛ እጁ ትቶታል ማለት ነው።

አጻጻፉ ብዙ ድካም አይጠይቅም። «የቅጂ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ቃል ወይም በክብ ውስጥ ያለው የ«ሲ» ፊደል፣ ዓመቱ፣ የአንሺው ስምና አድራሻ ይበቃሉ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከሆነ «ዓ.ም.» መባሉ አይዘንጋ። ተራ ወረቀት በለስላሳ እርሳስ፣ ኅዳጉ አካባቢ፣ ሳይጫኑ ሊጻፍበት ይችላል፤ ጠንክሮ የተጫነ እርሳስ በፊት ለፊት ሰንበር ያወጣል። ፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ግን እርሳስ በደንብ ስለማይዝ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ያስፈልገዋል። ማኅተሙ ሳይደርቅ ፎቶግራፎችን መደራረብ የአንዱን ስም በሌላው ፊት ላይ ማተም ነው። ዛሬ ደግሞ ፎቶግራፍ በስልክ ተነሥቶ ሲሰራጭ የሚታየው ፊቱ ብቻ ስለሆነ፣ በፊት ኅዳግ ላይም ትንሽ ስም ማኖር ብልኅነት ነው።

ይሁን እንጂ ማኅተም ሁሉን አያስፈቅድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ በመርሕ ደረጃ ደንግጓል። የአንሺው ስም በጀርባ መስፈሩ የተነሺውን ፈቃድ አይተካም። እንዲሁም ደንበኛ የአያቱን አሮጌ ፎቶግራፍ እንዲገለበጥለት ሲያመጣ፣ በግልባጩ ላይ የራስን ማኅተም እንደ አንሺ ማሳረፍ የሌላውን ድካም መውሰድ ነው። «ግልባጩን የሠራው» ተብሎ ቢጻፍ፣ የቀድሞውም አንሺ ምልክት ካለ አብሮ ቢገለበጥ እውነቱ ይጠበቃል። ስሙ እንዲከበርለት የሚሻ ባለሙያ የቀዳሚዎቹን ስም ማክበር ይገባዋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ለክርክሩ መድኃኒቱ ያለው ከክርክሩ በፊት ነው። ፎቶግራፉ በፖስታ ከመታሸጉ አስቀድሞ ተገልብጦ ጀርባው ይታይ፤ ስም ከሌለው ለደንበኛው አይሰጥ።