ልቡናን በመጠይቅ ስለ መመርመር



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ነገር፣ ብዙዎቻችን፣ በተለይም በዚህ በአሜሪካ የተወለዱና ያደጉ ልጆቻችን፣ ሌሊት ብቻቸውን ሆነው በስልካቸው ላይ የሚሞሉት፣ የአእምሮን ጤንነትና የጠባይን ሁኔታ እመረምራለሁ የሚል መጠይቅ ነው። ይህን የሚያደርገውን ሰው ለመንቀፍ አልመጣሁም። በዚህ አገር የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ቀጠሮው የራቀ፣ ክፍያውም የከበደ በመሆኑ፣ በእኛም መካከል አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ መሆኑ ተረስቶ ስሙ የስድብ ቃል እስኪሆን ድረስ ይህን ዓይነቱን ደዌ እንደ ነውር ስንሸፍነው በመኖራችን፣ የተጨነቀ ሰው ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም ያልጠየቀውን ጥያቄ ወደሚጠይቀው መሣሪያ ቢሄድ የሚያስገርም አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከመልሱ በኋላ የሚሆነው ነው፤ ይኸውም በጥቂት ደቂቃ የተገኘውን ቁጥር እንደ ፍርድ ቃል ተቀብሎ፣ አንዱ በሌለበት ደዌ ስም ራሱን ሲጠራ፣ ሌላው ደግሞ ደዌው ሳለበት ቁጥሩ አነሰልኝ ብሎ ሲቀመጥ ማየቴ ነው።

መጠይቆቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ለጊዜ ማሳለፊያ ማንም የጻፋቸው አሉ፤ ሊቃውንት ደክመው ያዘጋጁአቸውና በየሐኪም ቤቱ የሚሠራባቸውም አሉ። ከእነዚህ ከኋለኞቹ ስመ ጥር የሆነው፣ ሮበርት ስፒትዘር፣ ከርት ክሮንኬና ጃኔት ዊልያምስ የተባሉ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ያሳተሙት (ወደ ፊት የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለው ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ደስታ ማጣት፣ ማዘንና ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ማብዛት፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት መለዋወጥ፣ ራስን መጥላት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ሰውነት መፍዘዝ ወይም መቅበጥበጥ፣ በመጨረሻም ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ምን ያህል ጊዜ እንደ ደረሰበት ሰውየውን ይጠይቀዋል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ተቈጥሮ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ድባቴ (ዲፕሬሽን) የተባለው ደዌ ይኖርበት እንደ ሆነ በሐኪም ሊታይ ይገባዋል ይባላል። ጭንቀትን የሚመለከተውና ሰባት ጥያቄዎች ያሉት ጋድ 7 ደግሞ በ2006 የወጣ ታናሽ ወንድሙ ነው።

እንግዲህ ይህ መጠይቅ ምን ያህል ይታመናል? አዘጋጆቹ በ2001 እንደ ገለጹት፣ 10ን ወሰን አድርገን ብንይዝ፣ ድባቴ ካለባቸው ከመቶው 88ቱን ያገኛል፤ ድባቴ ከሌለባቸውም ከመቶው 88ቱን በትክክል ነጻ ያወጣል። ይህ ለጆሮ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወደ ሒሳቡ ቀረብ ብለን እንመልከተው። አንድ ሺህ ሰዎች መጠይቁን ሞሉ እንበል፤ ከእነርሱም ሰባዎቹ በእውነት ድባቴ ያለባቸው፣ ዘጠኝ መቶ ሠላሳው የሌለባቸው ይሁኑ። ከሰባው 62 ያህሉ ይገኛሉ፣ 8ቱ ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ ከዘጠኝ መቶ ሠላሳው ግን 112 ያህሉ ደዌው ሳይኖርባቸው አለባችሁ ይባላሉ። ስለዚህ 10 እና ከዚያ በላይ አገኘሁ ብለው ከሚደነግጡት 174 ሰዎች መካከል በእውነት ታማሚ የሆነው ከሁለት አንድ እንኳ አይሞላም። መጠይቁ ሐኪም ሊያነጋግረው የሚገባውን ሰው ከብዙው መካከል ለይቶ ለማቅረብ ተሠራ እንጂ ደዌን ለመወሰን አልተሠራም፤ ሐኪሙ የሌለበት መጠይቅ እንግዲህ በግማሽ የቀረ ሥራ ነው።

መጠይቁ በአገራችንም ተፈትኗል። በኢትዮጵያ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል 926 አዋቂዎችን ጠይቀው ውጤቱን በ2013 ያሳተሙ ተመራማሪዎች፣ በዚያው በ10 ወሰን ታማሚውን የማግኘት ችሎታው 86 ከመቶ፣ ጤነኛውን ነጻ የማውጣት ችሎታው ግን 67 ከመቶ ብቻ እንደ ሆነ አግኝተዋል፤ ይህም ማለት ድባቴ ከሌለባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ በስሕተት ይያዛል ማለት ነው።

ይህ ለምን ይሆናል ብለን የራሳችንን ኑሮ ብንመረምር ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በመኪና ማቆሚያ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሠርቶ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሦስት ሰዓት ተኝቶ ወደ ሁለተኛው ሥራ የሚሄድ ወንድማችን፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ሐሳብን ስለ መሰብሰብ ሲጠየቅ፣ በእነዚህ በሦስቱ ብቻ ዘጠኝ ነጥብ ሊሞላ ይችላል። ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን የምትጾም እናት ስለ ምግብ ፍላጎትዋ የምትመልሰው፣ እናቱ በአዲስ አበባ ዐርፋ አርባዋን እንኳ በአገሩ ሊያወጣ ያልቻለ ልጅ ስለ ኀዘኑ የሚመልሰው፣ ሁሉም በቁጥሩ ውስጥ ገብቶ ይደመራል፤ ቁጥሩ ግን ከየት እንደ መጣ አይናገርም። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ እንኳ ድካምንና መፍዘዝን ያመጣሉ፤ እነዚህም በደም ምርመራ እንጂ በመጠይቅ አይታወቁም። አዘጋጆቹም ራሳቸው፣ ሐኪሙ ኀዘንን፣ የሰውነት ደዌንና የሚወሰደውን መድኃኒት ሳይመረምር ድባቴ ነው ብሎ እንዳይወስን አስጠንቅቀዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ግን የስብዕና መታወክ የሚባለው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። ድባቴ በሰው ላይ የሚመጣና የሚሄድ ደዌ ነው፤ የስብዕና መታወክ አለብህ የተባለ ሰው ግን ፍርዱን በራሱ ማንነት ላይ እንደ ተፈረደ አድርጎ ይወስደዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መጽሐፉ የዚህን ዓይነት መታወክ በዐሥር ስሞች ሲከፍለው፣ የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ዝርዝር አብዛኞቹን ስሞች ትቶ በክብደታቸው መጠን መለየትን መርጧል። ሊቃውንቱ በአከፋፈሉ ገና ሲከራከሩ፣ የስልክ መጠይቅ እገሌ እንዲህ ዓይነት ነው ብሎ በርግጠኝነት መናገሩ ድፍረት ነው። ደኅና የተሠሩም መጠይቆች አሉ፤ ለምሳሌ በ2003 የወጣውና ቦርደርላይን የተባለውን መታወክ የሚመለከተው የማክሊን መጠይቅ ዐሥር ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ሰባቱን አዎን ያለ ሰው በባለሙያ እንዲታይ ይመክራል፤ ከዚያ አያልፍም።

የማኅበሩ መጽሐፍ በትርጓሜው መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠውን ነገር ግን አደራ ልብ በሉልኝ፤ ጠባዩ መታወክ ለመባል ሰውየው ካደገበት ባህል ከሚጠበቀው እጅግ የራቀ፣ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ አንሥቶ የቈየ፣ በቤትም በሥራም የሚታይና ኑሮን የሚያውክ ሊሆን ይገባዋል። አባትዋንና ታላላቆችዋን ሳታማክር የማትወስን፣ በሽማግሌ ፊት ተቃውሞዋን ከመናገር የምትቆጠብ የእኛ ልጅ፣ ባህልዋን የማያውቅ መጠይቅ በሌላው ላይ የተደገፈች ናት ሊላት ይችላል፤ እኛ ግን ይህንን ጨዋነት ብለን አሳድገናታል። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ዘመን ወንድሙን በጎረቤት ጥቆማ ያጣ ሰው፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች አሠሪዎችዋ ፓስፖርትዋን ቀምተው በቤት የዘጉባት እኅት፣ ሰውን ፈጥነህ ታምናለህን ተብለው ቢጠየቁ የሚመልሱት ጥርጣሬ ካዩት መከራ የተማሩት ነው። ከዚህ የተነሣ የሚመጣ ሥቃይ የለም አልልም፤ መታከምም ያስፈልገው ይሆናል፤ ነገር ግን ታሪካቸውን ቁጭ ብሎ ያልሰማ ሰው ወይም መሣሪያ ስም ሊሰጠው አይገባም።

ለጊዜ ማሳለፊያ የተጻፉት መጠይቆችማ የሚያሳምኑት በሌላ መንገድ ነው። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ ፈተና ሰጥቶ፣ ከኮከብ ቈጠራ መጽሐፍ የቀዳውን አንዱን ጽሑፍ ለእያንዳንዳቸው የግል ውጤትህ ነው ብሎ ቢያድላቸው፣ ተማሪዎቹ ስለ ትክክለኛነቱ ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። ለሁሉ የተጻፈውን ለእኔ ብቻ ተጻፈ ብሎ መቀበል የሰው ሁሉ ባሕርይ ነውና፣ ውጤቱ ልክ እንደ እኔ ነው ማለታችሁ ብቻ ማስረጃ አይሁናችሁ።

በትዳር ጠብ መካከል ደግሞ መጠይቁን በባል ወይም በሚስት ስም ሞልቶ፣ ናርሲሲስት (በራሱ ፍቅር የታወረ) ነህ፣ ናርሲሲስት ነሽ እየተባባሉ መካሰስ ገብቷል። በሌላ ሰው ምትክ የተመለሰ መጠይቅ ምንም ዋጋ የለውም፤ በደል ካለ በደሉን በስሙ መጥራት ይበቃል፤ የሚማታን ሰው ለማውገዝም ሆነ ከእርሱ ለመራቅ የደዌ ስም አያስፈልግም።

መልሳችሁ የት እንደሚሄድም ጠይቁ። በ2023 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ቤተርሄልፕ የተባለው በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ኩባንያ ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ሳለ የተገልጋዮችን የጤና መረጃ ፌስቡክና ስናፕቻትን ለመሳሰሉ ድርጅቶች ለማስታወቂያ ሥራ አካፍሏል ብሎ ከሰሰው፤ ኩባንያውም ጥፋቱን ሳያምን 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሐኪም ምሥጢርን የመጠበቅ ግዴታ በሕግ አለበት፤ ስምና ኢሜል ጠይቆ መጠይቅ የሚያስሞላ ማንኛውም ድርጅት ግን ይህ ግዴታ አለበት ብላችሁ አታስቡ።

ከፒ ኤች ኪው 9 ዘጠኝ ጥያቄዎች ዘጠነኛው ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነው። ብሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ አለን ለሚለው፣ ጥቂት ቀን ብቻ ነው ብሎ እንኳ የመለሰ ሰው፣ ድምሩ አራትም ይሁን ሃያ፣ ያን ዕለት ከሰው ጋር መነጋገር አለበት። በዚህ አገር ከ2022 ጀምሮ 988 ብሎ መደወል ይቻላል፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ፤ በአስተርጓሚም ማነጋገር ይቻላል። ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄድ ይሂድ፣ ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ እግዚአብሔር ጥበበ ሕክምናንም የሰጠን ነውና ሐኪሙን ወይም የተጀመረውን መድኃኒት ስለዚህ የሚተው ግን አይኑር።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ መጠይቁን ሞልታችሁ ቁጥሩ ካሳሰባችሁ፣ ወረቀቱን አትማችሁ ለቤተ ሰብ ሐኪማችሁ ውሰዱት። በየትኛው ጥያቄ ላይ ከፍ ያለ መልስ እንደ ሰጣችሁ፣ ሥራችሁ በየትኛው ሰዓት እንደ ሆነ፣ ጾም ወይም ኀዘን ላይ እንዳላችሁ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ንገሩት። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ቀጠሮውን ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን ግን ለዚህ ሥራ ይዛችሁ አትሂዱ፤ በልጅዋ ፊት ዘጠነኛውን ጥያቄ በእውነት የምትመልስ እናት አትገኝምና።