ግምትን ትቶ ማስረጃን መከተል፦ ስለ ዶክተር ስታንሊ ፕሩሲነር የምርምር ሥራ የተደረገ ዲስኩር



የነርቭ ሐኪሙን የዶክተር ስታንሊ ፕሩሲነርን ታሪክ በፊታችሁ ለማውሳት የተነሣሁት፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ለብቻቸው ስለ ተቀበሉ ሳይሆን፣ ማስረጃው የገዛ ግምታቸውን ባፈረሰባቸው ጊዜ ማስረጃውን የተከተሉ ሊቅ በመሆናቸው ነው።

በ1972 ዓ.ም.፣ በሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምናን መለማመድ ሲጀምሩ፣ ክሮይትስፌልት-ያኮብ በሚባለው ደዌ የተያዘች አንዲት ሴት አጋጠመቻቸው፤ የማስታወስ ኃይሏ ከዕለት ወደ ዕለት እየደከመ፣ የለመደችውንም ሥራ መፈጸም እየተሳናት ሄደ። የዘመኑ ሊቃውንት ምክንያቱ በዝግታ የሚሠራ ቫይረስ ነው ይሉ ነበር፤ ወጣቱን ሐኪም ግን ያስደነቃቸው፣ ጥፋት በአንጎሏ ላይ እንዲህ ሲሠለጥን ሰውነቷ ትኩሳት እንኳ ሳያሳይ፣ ለመከላከልም ሳይነሣ መቅረቱ ነው።

ከዚህም በኋላ በጎችን የሚገድለውን ስክሬፒ የተባለ ተመሳሳይ ደዌ መርጠው፣ ከታመመ አንጎል ውስጥ ደዌውን የሚያስተላልፈውን ነገር ብቻ ለይተው ለማጥራት ተነሡ። አንዱን ናሙና ለመለካት 60 አይጦችን ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ስለ ነበረ፣ ደዌው ፈጥኖ ወደሚታይበት ወደ ሀምስተር ዞረው፣ 4 እንስሳትን 70 ቀን ያህል በመጠበቅ ልኬቱን ለመፈጸም ቻሉ። እንዲህ ያለው ድካም በአደባባይ የሚወደስ አይደለም፤ እኔ ግን የሥራቸው ሁሉ መሠረት እርሱ ነው ባይ ነኝ።

ራሳቸው ይጠብቁት የነበረው ትንሽ ቫይረስ ነበረ፤ ናሙናው በጠራ ቁጥር ግን ፕሮቲን እንጂ የዘርን መልእክት የሚይዘው ኑክሊክ አሲድ አልተገኘበትም። ይህን ነገር በ1982 ዓ.ም. ፕሪዮን ብለው ሰይመው ባሳተሙ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት በብርቱ ተቃወሟቸው፤ መቃወማቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዘር የሌለው ነገር ይባዛል ማለት የሥነ ሕይወትን ሥርዓት የሚነካ ቃል ነበረና።

በ1985 ዓ.ም. የፕሮቲኑ ጂን በጤነኛ እንስሳ ሕዋስ ውስጥ ሳይቀር መኖሩ ታወቀ። ፕሪዮን ከውጭ የመጣ ባዕድ ፍጥረት ሳይሆን፣ የሰውነት የራሱ ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ የተጣጠፈው፣ የተጠጋውንም ጤነኛ ፕሮቲን ወደዚያው ቅርጽ የሚለውጠው ነው፤ ሰውነትም የገዛ ወገኑን እንደ ጠላት ስለማይቆጥር አይዋጋውም።

በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ደዌ ላይ የሚደክሙ መርማሪዎችም ዛሬ ቅርጹን የሳተ ፕሮቲን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እንዴት እንደሚዛመት በዚሁ መንገድ ይመረምራሉ። የክሮይትስፌልት-ያኮብን ደዌ የሚፈውስ መድኃኒት ግን፣ በታላቅ ኀዘን የምናገረው ነው፣ እስከ አሁን አልተገኘም፤ ከሚሞከሩትም ዘዴዎች አንዱ፣ ለፕሪዮኑ መኖ የሚሆነው ጤነኛ ፕሮቲን አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ እንዲቀንስ ማድረግ ነው።