የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ከሒሳብ ውጭ የሆነ ነገር እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ እሺ ለማለት አልዘገየሁም። እንደምታውቁት የእኛ የሒሳብ ሠራተኞች ክረምት እንደ ሌላው ሰው ክረምት አይደለም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋና ሐምሌንና ነሐሴን ከሰነድ ጋር ስንታገል እንከርማለን። ዝናቡን የምናውቀው በቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ነው። ቀና የምንለው መስከረም ሲጠባ ነው፤ እኔም ካሜራዬን ይዤ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የምወጣው በዚሁ ጊዜ ነው።

ማዕከሉ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ የሚገኝ፣ 705 ሄክታር ስፋት ያለው የአገር በቀል ዕፅዋት መጠበቂያ ነው። ዳሩ ግን ለፎቶግራፍ አንሺ ከደኑ ይልቅ የሚጠቅመው የደኑ ዳር፣ ማለትም ሣሩ ወገብ የሚደርስበትና አደይ አበባ ጣል ጣል ያለበት ገላጣ ቦታ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ጉሙ መግለጥ ሲጀምር ድኩላ በጭቃው ላይ ዳናዋን ትታ አልፋለች፤ ራሷን ግን እምብዛም አታሳይም። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ መንገደኛ ወፎችም በዚሁ ሰሞን መግባት ይጀምራሉ። ለእነርሱ የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል ለእኛ ክረምቱ ይወጣል። እኔን የያዘኝ ግን መንገደኛው ሳይሆን የአገሩ ወፍ ነው።

ወዳጁን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ሰው «የመስቀል ወፍ» እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ወፏ በመስከረም ብቅ ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደምትገባ አይታወቅም ይባላል። በልጅነቴ ይህን ምሥጢር ያልጠየቅሁት ትልቅ ሰው አልነበረም። ስሙ በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል፤ እኔ በጉለሌ የማውቀው ግን መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ከጭራው በላይ ያለው ጀርባው ቢጫ የሆነውን ነው። ወንዱ በረጅም ሣር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ላባውን ይነፋና እንደ ኳስ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም እየተርገበገበ ይነሣና ጥቂት በርሮ ሌላ ሣር ላይ ያርፋል። ይህ ሁሉ ለሴቶቹ ነው። አንዱ ወንድ ከብዙ ሴቶች ጋር ይኖራል፤ ዕንቁላል መታቀፉና ጫጩት መመገቡ ግን በሴቷ ጫንቃ ላይ የወደቀ ነው። (በዚህ ላይ አስተያየት ያላችሁ እኅቶች ከንግግሩ በኋላ ብታቀርቡ ይሻላል።)

ጥቁር ወፍ ፎቶግራፍ አንሺን ያስቸግራል። የመሣሪያው ብርሃን መለኪያ ጥቁሩን ባየ ጊዜ ብርሃን ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ቢጫውም ነጥቶ መልኩን ያጣል። ስለዚህ መለኪያው ከሚለው ላይ በእጅ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን እስክማር ድረስ ሁለት መስከረም አለፈ። ለሚበር ወፍ ደግሞ የሰኮንድ አንድ ሺኛ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ጉም ባለበት ጠዋት ይህን ማግኘት ዘበት ነው።

የልጅነት ጥያቄዬም መልስ ያገኘው በዚሁ ፍጥነት ነው። በአንድ የጥር ጠዋት፣ ሣሩ ታጭዶ ባለቀበት ሜዳ፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ቡናማ ወፎች በመንጋ ሲለቅሙ አየሁ። ሌላ የሚነሣ ስላልነበረ ሲበሩ አነሣኋቸው። ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን አጉልቼ ስመለከት ከመካከላቸው ሦስቱ ከጭራቸው በላይ ጥርት ያለ ቢጫ ነበራቸው። የመስቀል ወፍ የትም አልሄደም ነበር። ወንዱ የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ጥቁር ላባውን አራግፎ የሴቷን የመሰለ ቡናማ ይለብሳል፤ ቢጫው ክንፉን ሲገጥም አይታይም፣ ሲበር ግን ያጋልጠዋል። በእኛ አነጋገር፣ የጠፋ ሒሳብ ሳይሆን በሌላ አርእስት የተመዘገበ ሒሳብ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን ለአዘጋጆቹ አስቀድሜ አልገለጽሁላቸውም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስቀል ሰሞን፣ አንዲት ሴት ወፍ ምግብ ይዛ ወደ አንድ የሣር ቁጥቋጦ ስትመላለስ አየሁ። ጎጆዋ ከሣር የተሠራ፣ በጎኑ በር ያለው፣ በዙሪያው ያለ ሕያው ሣር የከለለው ነበር። ከለላው ለሥዕሌ አልተመቸኝም። ሣሩን ግራና ቀኝ ከፍዬ በሲባጎ አሰርሁት፤ ከአርባ በላይ ሥዕል አነሣሁ፤ የሁለት ጫጩቶች አፍ ከነቀይነቱ ወጣልኝ። ስሄድ ሲባጎውን ፈታሁ፤ የተጎነበሰው ሣር ግን አልተነሣም። በረጅሙ እርጥብ ሣር መካከልም ከመንገዱ እስከ ጎጆው ድረስ በእግሬ የረገጥሁት መሥመር ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ የጎጆው ጎን ተቀድዶ ባዶውን አገኘሁት። ቁራ ይሁን፣ እባብ ይሁን፣ ሸለምጥማጥ ይሁን አላየሁም። ምናልባትም እኔ ባልደርስ ይኸው ይደርስባቸው ነበር። ነገር ግን በሰው መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ መሥመር ባገኝ «ምናልባት» የሚለውን ቃል የምቀበል ኦዲተር አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ጎጆ አላነሣም፤ ከመንገድም አልወጣም። አብረውኝ ለሚወጡ ወጣቶች የማሳየው ሥዕል ሲያልቅ «ጎጆ የለህም?» ይሉኛል፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ይስቃሉ።

የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ለግድግዳው የሚሆን ሥዕል በጠየቀኝ ጊዜ የጫጩቶቹን ሥዕል የሚያውቁ ባልደረቦች እርሱን ጠብቀው ነበር። የሰጠሁት የጥሩን ነው። እስካሁን ድረስ ወደዚያ ቢሮ የሚገባ ሰው ቆም ይልና «እነዚህ ድንቢጦች ምን ሊያደርጉ እዚህ ተሰቀሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ ጫፍ በግራ በኩል ሦስተኛውን ወፍ ታሳየዋለች።