ጓዳው መታጠቢያ ቤት ሲሆን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ቤት ጥቂት እንድናገር በጠየቁኝ መሠረት፣ በሰፈራችን እየተለመደ የመጣ አንድ ነገር አነሣለሁ። ጓዳው፣ የደረጃው ሥር፣ የድሮው ማድቤት ሳይቀር ገላ መታጠቢያ እየሆነ ነው። ደግ ነው፤ አረጋውያን በሌሊት ደጅ ከመውጣት ይድናሉ። ነገር ግን የአዲስ አበባ አሮጌ የጭቃ ቤት ሲሠራ ከውስጡ ውሃ ይፈሳል ተብሎ አልታሰበም።

ግድግዳው ባሕር ዛፍ ቆሞ፣ በማገር ተይዞ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። ደረቅ ከሆነ ዕድሜ አለው። ሴራሚክ ሲለጠፍበት ከፊት ያምራል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃ ግን መውጫ አጥቶ የእንጨቱን እግር ያበሰብሳል። ኮርኒስ ላይ ሮቶ የሚጭኑም አሉ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነውና ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 10 ኩንታል ይመዝናል። አሥር ኩንታል ጤፍ ከራሱ በላይ ሰቅሎ የሚተኛ ማን አለ?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ መብራቱ ነው። የሻወር ማሞቂያው 4,400 ዋት ቢሆን፣ በ220 ቮልት 20 አምፔር ይስባል፤ 110 ባለ 40 ዋት አምፖሎችን ባንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ይህን ለሁለት አምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲቀጥሉት ሽቦው ይግላል፣ ልባሱም ይቀልጣል። «ፊውዝ አለኝ» ማለት አይበቃም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰውን ለመግደል ግን የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ የማይሞላ ይበቃል። ስለዚህ ማሞቂያው ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ በደንብ የተቀበረ የመሬት ሽቦ፣ እንዲሁም 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። የመሬቱን ሽቦ ከፕላስቲክ ቧንቧ ጋር አስሮ «ጨርሻለሁ» የሚል ሠራተኛ ምንም አልሠራም፤ ፕላስቲክ መብራት አያስተላልፍም። «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደኅና ነው» ሲባልም እሰማለሁ። እኔስ ድንኳናችን እንደ ተጠቀለለ መጋዘን ውስጥ ቢያረጅ እመርጣለሁ።

በድሮው ሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ ሊሾ አፍስሰው መታጠቢያ የሠሩም አሉ። ሊሾው ብቻውን ጉድጓድ አይሸከምም፤ አስቀድሞ ይመጠጥ፣ ከዚያም በድንጋይና በአፈር ተጠቅጥቆ ይሞላ። ከውሃ መውረጃው ሥርም ውሃ የሚያቁር ጎባጣ ቱቦ ይግባ፤ ያ ውሃ ነው የጉድጓዱን ጋዝ የሚያግደው። የገማ ዕንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። መብራት ሲጠፋ መስኮት ወደሌለው መታጠቢያ ከሰል ይዞ መግባት ደግሞ የባሰ ነው፤ የከሰሉ መርዝ ጭራሽ አይሸትም።

ቧንቧው ወይም ማሞቂያው የሚነዝራችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሳትታጠቡ ከቆጣሪው ላይ አጥፉትና ነገ የመብራት ባለሙያ ጥሩ። ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።