ስለ ትንሿ ቦርድና ስለ ማኅበራችን ኮምፒውተር
(በማኅበሩ ጸሐፊ ለጠቅላላ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በጽሕፈት ቤታችን የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የመዋጮውን መዝገብ ከፍቼ ሳለሁ ማንም ሳይነካው ኮምፒውተሩ በራሱ አንድ ፊደል እየደጋገመ ይደረድር ጀመር። እውነቱን ለመናገር አማተብኩ። ኋላ ሲታይ ከጀርባው አንዲት አረንጓዴ ቦርድ ተሰክታለች፤ የሰኳት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ኮሚቴውም ልጆች ወደ ቢሮው ድርሽ እንዳይሉ ወሰነ። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ዛሬ የቆምኩት ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ነው።

ለመሆኑ ቦርዷ ምንድን ናት? ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ ትባላለች። በጥር 2013 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ስትወጣ ዋጋዋ 4 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ርዝመቷ 51፣ ስፋቷ 21 ሚሊ ሜትር ነው። በላይዋ ያለችው ጥቁር ነገር ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች፤ የታዘዘችውን እየደጋገመች የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። እኔም ልጆቹ ሦስት ጊዜ አሳይተውኝ ነው የገባኝ። ነጯን ቁልፍ ተጭነው ይዘው በዩኤስቢ ሲሰኳት ኮምፒውተሩ እንደ ፍላሽ ያያታል፤ የትእዛዙን ፋይል መገልበጥ ነው፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የተጻፈላትን ትሆናለች። «ኪቦርድ ነኝ» ካለች ኮምፒውተሩ አምኖ ይቀበላታል፣ ከማን ቤት መጣሽ ብሎ አይጠይቅም። እንግዲህ ከየትም የመጣን ዕቃ መሰካት አደጋ አለው፤ በዚህ በኩል ኮሚቴው ልክ ነው።

ታዲያ ልጆቹ ለምን ኪቦርድ አደረጓት? ሄጄ ጠየቅሁ። አብራቸው የምትማር አንዲት ልጅ ጣቶቿ አይታዘዙላትም። በእግሯ ስትረግጠው በኮምፒውተር ላይ የመጽሐፍ ገጽ የሚገልጥ ነገር እየሠሩላት ኖሯል። ከአሮጌ የደወል መጥሪያ ሁለት ሽቦ አውጥተው አንዱን ከቦርዷ እግር፣ ሌላውን ከግራውንዱ አገናኝተዋል። ትረግጣለች፣ ገጹ ይገለጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ ዘንድ የተበላሸው «ተጫን» ብለው ጽፈው «ልቀቅ» የሚለውን ስለረሱ ነው። በቃ ይኸው ነው ሰይጣኑ።

የማቀርበው ሐሳብ፣ ዕቃ ቤት አቧራ የሚጠጣው አሮጌ ኮምፒውተር ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ይከፈት፤ የመዝገቡ ኮምፒውተር አይነካ። ሬድዮ የሚጠግኑት አባላችን አብሬአቸው እቀመጣለሁ ብለዋል። ጥንቃቄውም ከባድ አይደለም። ከዩኤስቢ የሚመጣው 5 ቮልት ነው፤ የፒኮ የትእዛዝ እግሮች ግን የተሠሩት ለ3.3 ቮልት ስለሆነ 5ቱን በቀጥታ ከሰጧቸው ቦርዷ ልትቃጠል ትችላለች። ሽቦ ከሽቦ ከተነካካም የኮምፒውተሩ መሰኪያ ሊበላሽ ይችላል። ከቤት መብራት፣ ከ220 ቮልቱ ጋር ግን ማንም ልጅ እንዳያገናኝ፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም፣ ወላጆችም ተቆጣጠሩ።

ከሁለት ቦርድ ዋጋ በቀር ገንዘብ አልጠየቅሁም። እጅ የምናወጣው ከቡናው በኋላ ነው። የተበላሸውን መዝገብ ከደረሰኝ ቀሪ ላይ መልሼ ጽፌዋለሁ፤ መዋጮው የጎደለበት ካለ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ።