ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የማሕፀን በር ነቀርሳ ከብዙዎቹ የነቀርሳ ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከመድረሱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ በምርመራ ሊታወቅ የሚችል ምልክት ማሳየቱ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ወደ ማሕፀን በር ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በሰውነት የመከላከል ኃይል ይወገዳል። ሳይወገድ በሚቀርባቸው ሴቶች ላይ ግን የሴሎቹ መልክ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ይህ ለውጥ ወደ ነቀርሳ ለመድረስ በተለመደው ሁኔታ ከ15 እስከ 20 ዓመት፣ የመከላከል ኃይላቸው በተዳከመ ሴቶች ላይ፣ በተለይም የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ባላገኙት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይፈጅበታል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ጥቂት ነው። ይሁንና በኢትዮጵያ ከጡት ነቀርሳ ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃው ይኸው ነቀርሳ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት ለእ.ኤ.አ. 2020 ያወጣው ግምት በዚያ ዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች እንደ ታመሙና ከ5,000 በላይ እንደ ሞቱ ያመለክታል።

እንግዲህ በሽታው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ ያ ጊዜ የሚባክነው የት ላይ ነው? አንዱ መልስ ምርመራው ያልደረሳቸው ሴቶች ብዙዎች መሆናቸው ነው። ሁለተኛውና እምብዛም የማይነገርለት መልስ ግን ምርመራው ደርሷቸው፣ ጤናማ ያልሆነ ውጤት ተገኝቶባቸው፣ ከዚያ በኋላ የት እንደ ደረሱ የማይታወቁት ሴቶች ናቸው። የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚህ ናቸው።

ጆርጅ ፓፓኒኮላው ከትራውት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1943 ያሳተመው ሥራ የሴል ናሙና ምርመራን ለዓለም አስተዋወቀ። ከእርሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1925 ሃንስ ሂንዝልማን የማሕፀንን በር አጉልቶ የሚያሳየውን ኮልፖስኮፕ ሠርቶ ነበር። ሃራልድ ዙር ሃውዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ከባልደረቦቹ ጋር 16ኛውንና 18ኛውን የቫይረስ ዓይነት በነቀርሳው ውስጥ በማግኘቱ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ምርመራዎቹ በአሠራር ቢለያዩም ሁሉም ወንፊት እንጂ ዳኛ አይደሉም። የቫይረሱ መገኘት ነቀርሳ ማለት አይደለም፤ በአሴቲክ አሲድ የነጣ ቁስልም ነቀርሳ ማለት አይደለም። ወንፊቱ የያዘውን ለይቶ ማየትና ማከም ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ ሁለተኛ ሥራ ካልተሠራ የመጀመሪያው ከንቱ ይሆናል።

ይህን ከሁሉ በላይ ግልጽ ያደረገው በኒውዚላንድ የደረሰው ነገር ነው። በኦክላንድ ብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በፕሮፌሰር ኸርበርት ግሪን አሳብ ከፍተኛ የቅድመ ነቀርሳ ለውጥ የተገኘባቸው በርካታ ሴቶች የተሟላ ሕክምና ሳይሰጣቸው በተደጋጋሚ ምርመራ ብቻ እንዲጠበቁ ተደረገ። ሴቶቹ ቀጠሮ አክብረው ይመጡ ነበር፤ ናሙናቸውም ይወሰድ ነበር። ሆኖም የሚደረገው ጥናት መሆኑን አልተነገራቸውም፤ ለውጡም በቦታው እንዲቆይ ተደረገ። የሆስፒታሉ ኮልፖስኮፒ ሐኪም ዊልያም ማኪንዶና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ1984 በሙያ መጽሔት አወጡ፤ በ1987 ሁለት ሴት ጸሓፍት ጉዳዩን ለሕዝብ ከገለጡት በኋላ በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ1988 ዘገባውን አቀረበ። የእነዚያ ሴቶች መዝገብ እንደ ገና ተመርምሮ በ2008 በታተመው ጥናት መሠረት፣ በቂ ሕክምና ካላገኙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ ነቀርሳ ሲይዛቸው፣ በሚገባ ከታከሙት ላይ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ 0.7 በመቶ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የክትትልን ትርጉም ያስረዳል። ሴትየዋ መመላለሷ ብቻውን ክትትል አይባልም። ክትትል የሚባለው እያንዳንዱ ውጤት ወደ አንድ ውሳኔ ሲያደርስ፣ ውሳኔውም ለባለቤቲቱ ሲነገርና ሲፈጸም ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ በመልኩ ከዚያ የራቀ ነው። በዚህ ሀገር ጤና ጣቢያዎች በስፋት የሚሠራበት በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የዓይን ምርመራ ትልቅ በጎነት አለው፤ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃልና ቁስሉ ለሕክምናው የሚስማማ ሲሆን በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ማከም ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ቁስሉ ወደ ማሕፀን አንገት ውስጥ ዘልቆ ሲገባ፣ መሣሪያው ሊሸፍነው ከሚችለው በላይ ሲሰፋ፣ ነቀርሳ ሲያጠራጥር፣ ወይም የወር አበባዋ በቆመ ሴት እንደሚያጋጥመው የሴሎቹ መገናኛ መስመር ከዓይን ሲሰወር ነው። እነዚህ ሴቶች ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላካሉ። ይበልጥ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ሲሆኑ፣ ይበልጥ የሚጠፉትም እነርሱ ናቸው።

ለምሳሌ ያህል ከወረዳ ጤና ጣቢያ ወደ ዞን ሆስፒታል የተላከች አንዲት የ42 ዓመት እናት ትታሰብ። የመላኪያ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በእጇ ተሰጥቷል። ለጉዞው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለልጆቿ ጠባቂ፣ ለባሏም ምክንያት ያስፈልጋታል። ሕመም አይሰማትም። የተነገራት ቃል «ፖዘቲቭ» የሚል ከሆነ ደግሞ ይህ ቃል በኢትዮጵያ ምድር ለብዙ ዓመታት የተሸከመው ትርጉም አንድ ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ኤች.ፒ.ቪ. እና ኤች.አይ.ቪ. ለጆሮ የተቀራረቡ በመሆናቸውም የሰማችውን ለማንም ሳትናገር ወደ ቤቷ ልትመለስ ትችላለች። ወረቀቱ ከመሶብ ሥር ይቀመጣል፤ የላካት ጤና ጣቢያ መድረሷን አይጠይቅም፤ ሆስፒታሉም እንደምትመጣ አያውቅም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ግን በሽታውን የሸሸገው መዝገቡ ነው።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮች ለባለሙያው ይቀርባሉ።

አንደኛው የአነጋገር ጉዳይ ነው። ውጤት ሲነገር «ፖዘቲቭ» በሚለው ቃል ፈንታ «በማሕፀንሽ በር ላይ ለውጥ ታይቷል፤ ነቀርሳ አይደለም፤ ካልታከመ ግን ወደዚያ ሊያመራ ይችላል» የሚል ግልጽ አማርኛ፣ ወይም በአካባቢው ቋንቋ አቻው፣ ቢነገር ይሻላል። ነቀርሳ የሚያጠራጥር ነገር ሲታይ ግን ይህ አነጋገር አይገባም፤ ጥርጣሬው ሳይሸፋፈን፣ ተስፋም ሳይነፈግ ሊነገራት ይገባል። ከሕክምና በኋላ ለአራት ሳምንት ያህል ከግብረ ሥጋ መታቀብ ስለሚያስፈልግና ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ስለሚኖር፣ ፈቃዷ ሲሆን ባሏም አብሮ ቢሰማ ለቤቷ ሰላም ይጠቅማል።

ሁለተኛው የቀጠሮ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ቫይረሱ ተገኝቶባት በማጣሪያው ምርመራ ግን ለውጥ ያልታየባት ሴት ከ24 ወር በኋላ፣ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ውስጥ ካለ ከ12 ወር በኋላ እንደ ገና ትመረመራለች። የታከመች ሴት ከ12 ወር በኋላ ትመረመራለች፤ ኤች.አይ.ቪ. ያለባት ደግሞ ያ ምርመራ ነጻ ቢሆንም ከሌላ 12 ወር በኋላ ይደገምላታል። እንዲህ ያለ ረጅም ቀጠሮ በቁጥር ብቻ ቢጻፍ ይረሳል። «በሚመጣው ዓመት ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት» ወይም «ከአረፋ ማግስት» የተባለ ቀጠሮ ግን አይረሳም።

ሦስተኛው የመዝገብ ጉዳይ ነው። ጤናማ ያልሆነ ውጤት ያገኙት ሴቶች በተለየ መዝገብ ሠፍረው፣ በየወሩ መጨረሻ አንድ ተለይቶ የታወቀ ሰው ማን እንደ ደረሰችና ማን እንደ ቀረች ሊያይ ይገባል። የቀረችው በስልክ፣ ስልኳ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ምስጢሯ ተጠብቆ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ትፈለጋለች። ላኪው ጤና ጣቢያ ስለ ላካት ሴት መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሥራው እንዳልተፈጸመ ይቁጠር።

አራተኛው የፓቶሎጂ ውጤት ጉዳይ ነው። ባዮፕሲ የተወሰደላት ሴት ውጤቱን ራሷ ፈልጋ እንድታመጣ መተው የተለመደ አሠራር ሊሆን አይገባም። ናሙናውን የወሰደው ሐኪም ውጤቱን አንብቦ ፊርማውን እስኪያኖር ድረስ ኃላፊነቱ ከእርሱ አይወርድም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታወጀው የዓለም ጤና ድርጅት ዕቅድ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ልጃገረዶች 90 በመቶ ይከተቡ፣ ሴቶች 70 በመቶ ይመርመሩ፣ ሕመም የተገኘባቸው 90 በመቶ ይታከሙ ይላል። ኢትዮጵያ ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ጀምራለች፤ ፍሬው የሚታየው ግን ዛሬ የተከተቡት ልጃገረዶች ለእናቶቻቸው ዕድሜ ሲደርሱ ነው። እናቶቻቸውን የሚታደገው ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር ነው። በዘገባ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ጎልቶ ይታያል፤ ስንት ሴቶች ተመረመሩ የሚለው ይጠየቃልና። ከተመረመሩት መካከል ስንቶቹ እስከ መጨረሻው ደረሱ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ስለሆነም እያንዳንዱ አባል ወደ ሥራ ቦታው ሲመለስ ያለፈውን ዓመት መዝገብ ገልጦ፣ ለውጥ ከታየባቸው ሴቶች መካከል ያልተመለሱትን በስም ቢቆጥር፣ ከእነርሱም የመጀመሪያዋን በዚያው ሳምንት ቢያስፈልግ፣ ከዚህ ጉባኤ የሚጠበቀው ፍሬ ተገኘ ማለት ነው። በሽታው የሰጠው ጊዜ ለብዙዎቹ ገና አላለቀም።